ታማሚዋን ብቻዋን አንላካት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመረጥኩት ጉዳይ በአደባባይ ሲነሣ ብዙ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ነው፤ ይኸውም የሽንት አካላት ሕመምና ሕክምናው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ምክሩ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው በሽታዋን ሳትደብቅ ስለ ተናገረች፣ ነገር ግን ቃሏን ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው የሚያደርስላት ስላጣች ሰው ነው።

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2017 ተመርቆ ሲከፈት፣ ልብስ ለመስፋት ከሚቀጠሩት የሚበዙት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ታላቅ እኅቴም በዚያው ዘመን የስፌት ሠራተኛ ሆነች። አንድ ቀን ጎኗን ቢወጋት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ ሽንቷ ተመርምሮ ኪኒን ተሰጣት። ሕመሙ ሲመለስባት ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄደች፤ እዚያም ሽንቷ እንደገና ተመረመረ፤ በአልትራሳውንድ ታይታ ጠጠር እንዳለባት ተነገራትና ሌላ ኪኒን ይዛ ተመለሰች። በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ቢላት በሌሊት ሆስፒታል ወሰድናት። ተረኛው ሐኪም «ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደሻል?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም «አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ ነበር» አለችው። ከዚህ የበለጠ አታውቅም፤ የአልትራሳውንዱም ውጤት በእጅዋ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከሀ ተጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

ከሦስቱ ቤቶች አንዱም ሥራውን አልሠራም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን አንዱ የሠራውን ሌላው አላወቀም። ጠጠር የሽንት ቦይን ዘግቶ፣ ከበላዩ የታቈረው ሽንት ሲመረቅዝ፣ ጉዳዩ የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። ያን ጊዜ ኪኒን ብቻውን አይበቃም፤ የታቈረው ሽንት በቀጭን ቱቦ መውጣት አለበት። በመጠያየቅና ያንኑ ምርመራ በመደጋገም የሚያልፈው ሰዓት ኩላሊትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን ያሳጣል።

ተባብሮ መሥራት እንደሚቻል ለማየት ባሕር መሻገር አያሻንም። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 አዲስ አበባ ገብተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያም ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው፣ የሕፃኑ ራስ የሽንት ፊኛቸውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ በመጫኑ፣ ሥጋው ሞቶ የተቀደደባቸውንና ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸውን እናቶች አገኙ። ለእነዚህ እናቶች በኋላ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ውሎ አድሮም በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከሎች ተከፈቱ። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ሥራ ጀመረ።

የሥራውን አከፋፈል እንመልከት። አዋላጇ በገጠር ሆና ሕመሙ ከመድረሱ በፊት ትከላከላለች። የአካባቢው ማዕከል የሚችለውን ይጠግናል፤ የከበደውን ወደ አዲስ አበባ ይልካል። እግሯ የሰነፈባትን ሴት በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ያስኬዳታል። በታካሚነት የገቡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እንኳ ሙያውን እዚያው ተምረው የታወቁ ቀዶ ሐኪም ሆነዋል።

እንግዲህ ለፊስቱላ የተቻለው ለጠጠር፣ ለፕሮስቴትና ለኩላሊት ሕመም ለምን አይቻልም? በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ የሚልክ ሁሉ አንድ ወረቀት ይጻፍ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ትኩሳት መኖሩን፣ ሴት ከሆነች ማርገዟን፣ የተደረገውን ምርመራ ከነውጤቱ፣ የተሰጠውን መድኃኒት በስሙና በቀኑ ይግለጽ። አምስት መስመር ይበቃል።

ሁለተኛ፤ የተቀበለው መልስ ይጻፍ። ወደ ሆስፒታል የላከች ነርስ የታማሚዋን መጨረሻ ካልሰማች፣ ከስሕተቷም ሆነ ከልፋቷ ምን ትማራለች?

ሦስተኛ፤ የፋብሪካ ነርስ፣ የጤና ጣቢያ አዋላጅ፣ የግል ክሊኒክ ሐኪምና የሆስፒታል ቀዶ ሐኪም በወር አንድ ቀን ተቀምጠው ባለፈው ወር ስለ ተላላኳቸው ሕሙማን ይወያዩ።

«የግል ክሊኒኮች ገበያተኛ ስለሆኑ አይስማሙም» የሚል ይኖራል። ታማሚን በጊዜ የላከ ክሊኒክ ግን ስሙ ይገናል እንጂ አይጠፋም። «የሠራተኛዋ ምሥጢር በአሠሪዋ እጅ ይወድቃል» የሚለው ሥጋት ግን ትክክል ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ታሽጎ በራሷ እጅ ይሁን፤ ከሐኪም በቀር ማንም አይክፈተው።

ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነት የትግራይን የጤና ተቋማት ክፉኛ እንደ ጎዳ ሁላችን እናውቃለን። ዕቃ ባነሰበት ቦታ አንድን ምርመራ ሦስት ጊዜ መድገም ከሌላው ታማሚ ድርሻ መውሰድ ነው። ወረቀትና እስክርቢቶ ግን አላጣንም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ ከእኛ አንዱ በክሊኒክ፣ አንዱ በጤና ጣቢያ፣ አንዱ በትልቅ ሆስፒታል ይመደባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ በአንድ አዳራሽ የተቀመጥን ነገ በአንዲት ታማሚ ላይ እንደማንተዋወቅ ሰዎች እንዳንሆን አደራ እላለሁ።