የሰፈራችን ሁለት ስም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ስለ ሰፈር ስም ላወራችሁ ነው። ነገሩ ወግ ይመስላል እንጂ የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

የሰፈር ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰው ከሚያየው ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባራ ባቡር የተባለው ተበላሽቶ እዚያው በቀረው የምኒልክ ዘመን የእንፋሎት መኪና ነው። ጅዳም እንደዚሁ ናት። ከረንቲና ስሙን ያገኘው ለበሽታ ምርመራ ሐጃጆችን ያቆዩበት ከነበረው ቦታ ነው። በአሮጌው የመካ መንገድ ያሉት ኪሎ 8 እና ኪሎ 14 ደግሞ በርቀት የተቆጠሩ ናቸው፤ አራት ኪሎን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በለድ ውስጥም ሐረት አሽ-ሻም በሰሜን ወደ ሶርያ፣ ሐረት አል-የመን በደቡብ ወደ የመን አቅጣጫ ስላሉ እንዲያ ተባሉ።

ስም ይለወጣል፣ ሰፈርም ይፈርሳል። በፈረንጆች 2021 መጨረሻ በተጀመረው የማፍረስ ሥራ ከረንቲና፣ ጉለይልና ፔትሮሚን ተነሥተዋል። ስንቶቻችን ኖረንባቸዋል! ዛሬም ግን «ከረንቲና ጋ» እንባባላለን። የአገራችንም ሰው እንዲሁ ነው፤ አደባባዩ በደጎል ስም ቢሰየምም ፒያሳ ማለቱን አልተወም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?

ይሄ ለጨዋታ ጥሩ ነው። ሌሊት ሰው ሲታመም ግን «ከሐበሻው ሱቅ ጀርባ» ብትሉ አምቡላንሱ አያገኛችሁም። ስለዚህ ሁለቱንም ስም እንወቅ፤ የእኛንም፣ የመንግሥቱንም።

ሕንፃው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ እዩ። ባለ 4 አሃዝ የሕንፃ ቁጥር አለው። የሐዩን ስምና የመንገዱን ስም ጨምራችሁ በዐረብኛ ጻፉ። አጭሩን የኡንዋን ወጠኒ አድራሻ፣ 4 ፊደልና 4 ቁጥር ያለውን፣ ካገኛችሁት ከጎኑ አስቀምጡት። ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን፣ ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወጡ ሰሌዳውን በስልካችሁ አንሡት፤ ለምታምኑት ሰው፣ አገር ቤትም ለቤተሰብ ላኩት። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር አዲሱን ላኩ። ለአምቡላንስ 997፣ በመካና በጅዳ ለሌላውም አደጋ 911 ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉት።