ውሃው ሲደርቅ መርዙ አይደርቅም

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ጅረቶቻችን ልንነግራችሁ ተነሥተናል፤ አስቀድመን ግን የራሳችንን ጉድለት እንናገራለን። ለብዙ ጊዜ በየቤቱ እየዞርን «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን አስተምረናል። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ማፍላት ጀርምን ይገድላል። ነገር ግን አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ፋብሪካ የደፋበትንስ ባፈላው ይጠራል ወይ?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አጣን። እንደ ክሮምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች በእሳት አይጠፉም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ በቀረው ውስጥ ይበረታሉ።

ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ ተነሥቶ በክፍለ ከተማችን አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከሚገቡለት ትናንሽ ጅረቶች ብዙዎቹ በክረምት ሞልተው በበጋ የሚደርቁ ናቸው። በክረምት ጎርፉ ቆሻሻውን ያቀጥነዋል። በበጋ ግን የምንጩ ውሃ ስለሚያንስ፣ የምናየው በአብዛኛው ከፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከመጸዳጃ ቤት የወጣ ፍሳሽ ነው። ብዙ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በክሮም ጨው ነው፤ ከጋራዥም የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ አሲድ ይፈስሳል። ውሃው ሲደርቅ ብረቱ በደለሉ ውስጥ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል።

በወንዙ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ተክለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖች አሉን። ባለሙያዎች በአቃቂ ውሃ የለሙ አትክልቶችን መርምረው በአንዳንዶቹ ውስጥ ከሚገባው በላይ ከባድ ብረት አግኝተዋል። ስናጥበው ጭቃው ይለቃል፤ በሥር የገባው ግን አይወጣም። «አትትከሉ» ማለት ቀላል ነው፤ እንጀራቸው ነውና ሌላ መንገድ ሳናሳይ እንዲህ ልንል አንደፍርም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የኢያሪኮ ሰዎች ውሃችን ክፉ ነው ባሉት ጊዜ ኤልሳዕ የሄደው ወደ ምንጩ ነበር። እኛም ከምንጩ እንጀምር። በጋራዥ የምትሠሩ፣ የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል አጠራቅሙ እንጂ ወደ ቦይ አትድፉ። የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ውሃው ከመጠጣቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ፍሳሽ የሚወጣበትን ቦታና ቀንም መዝግቡ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ማንም ሰው ራሱ ባይጎዳ እንኳ ስለ ብክለት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል መብት ሰጥቷል።

ወደ እኚያ እናት ተመልሰን «አይጠራም» አልናቸው። «እንግዲያስ ከየት ልቅዳ?» አሉን። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ብቻችንን ልንመልሰው አልቻልንምና ወደ እናንተ አምጥተነዋል።