የሕክምና ከሰል ሰዓት አለው
(በኮዬ ፈጬ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤያት አባላት፤

ፓራሲታሞል በየቤታችን የሚገኝ፣ በመጠኑ ሲወሰድም የሚጠቅም የሕመም ማስታገሻ ነው። አንድ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ ሊወስድ አይገባም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ይህንኑ ስለሚይዙ፣ ጥርሱን የታመመ ሰው ሳያውቅ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው።

በሕክምና ተቋም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አክቲቬትድ ቻርኮል የተባለው የሕክምና ከሰል ነው። ከእንጨት፣ ከኮኮናት ቅርፊትና ከመሳሰሉት ዕፀዋት ከስሎ፣ በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ሲታከም እልፍ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያወጣል። የ1 ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ የብዙ ኮንዶሚኒየም ቤቶችን ወለል ያህላል። መድኃኒቱ ወደ ደም ሳይገባ በዚህ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የአገራችን ተመራማሪዎችም ከቡና ገለባ ለውኃ ማጣሪያ የሚሆን ተመሳሳይ ከሰል ሠርተዋል፤ ለሕመምተኛ የሚሰጠው ግን በመድኃኒት ደረጃ የተጣራው ብቻ ነው። የምድጃ ከሰልም ሆነ አመድ አይተካውም።

ከሰሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ነው። ወደ ደም የገባውን አይመልስም። ለዚያ አሴቲልሲስቴይን የተባለ ማርከሻ አለ፤ እርሱም በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ጉበትን በእጅጉ ይታደጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ከሰል ማጠጣት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል፤ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ለጠጣም አይሰጥም። ስለዚህ ውሳኔው የሐኪም ነው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? እንደ ኮዬ ፈጬ ከየሰፈሩ የመጣ ሕዝብ በሰፈረበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገና ባልተላመደበት ስፍራ፣ በጭንቅ ሰዓት መጀመሪያ የሚጠራው የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። አባቶች ሆይ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ወደ ሆስፒታል ውሰዱት» ይሁን። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ። እንዲያስመልሰው አይገደድ፤ የመድኃኒቱ ማሸጊያና የተወሰደበት ሰዓት ለሐኪሙ ይነገር። «ደኅና ነኝ» ቢልም አይቀመጥ። ጸሎቱ በመንገድ ላይ ይቀጥላል፤ ጠበሉም ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር እንዲወሰድ ማስተማራቸውን እናስታውሳለን። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምራል።

ቤተሰብን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው። «ሰው ምን ይለናል» እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት የከሰሉም የማርከሻውም ሰዓት ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባል የሰማውን ምሥጢር ይጠብቅ፤ ካህኑም ከመገሠጽ በፊት ያጽናና። የዳነው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የአእምሮ ሕክምና እንዲያገኝ እንርዳው፤ እየሄድንም እንጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።