«በረዶ አልሠራም» ያለ ማቀዝቀዣ፦ ከምልክት ወደ መንስኤ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለሕዝብ ንግግር ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ የቤት ማቀዝቀዣ በረዶ መሥራቱን ሲያቆም መንስኤው እንዴት ይታወቃል የሚል ነው። የመረጥሁበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ምርመራ ሥርዓት የምናስተምረው ሁሉ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ይፈተናል፤ ምርመራው ሲሳሳትም የሚከፈለው ዋጋ ከገንዘብ ያልፋል።

ጉዳዩን በምሳሌ ላስረዳ። እዚሁ ፀዳ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከቧንቧ ውኃ እየወሰደ በራሱ በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለው። በረዶ መሥሪያው ቆመ። የመጀመሪያው ጠጋኝ የውኃ መግቢያውን ቫልቭ ለወጠ፤ ሁለተኛው በረዶ መሥሪያውን ከነሞተሩ ለወጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ችግሩ ተመለሰ። ቤተሰቡም ተስፋ ቆርጦ የቅዝቃዜውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። በዚያው ማቀዝቀዣ የእናታቸው ኢንሱሊን ይቀመጥ ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥ እንኳ አይወሰድም። እኔ በተጠራሁበት ቀን መድኃኒቱ በብልቃጡ ውስጥ በረዶ ሆኖ ተገኝቶ ተጥሎ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ማሽን በሽታውን አይደብቅም፤ በቅደም ተከተል የሚጠይቀው ሰው ግን ይፈልጋል። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው፤ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳሉ።

አንደኛ፣ ማሽኑ እንዲሠራ ታዝዟልን? በብዙ ሞዴሎች የበረዶውን ክምችት የሚከታተል የሽቦ ክንድ አለ። ክንዱ ወደ ላይ ተነሥቶ ከቀረ ማሽኑ ሣጥኑ እንደሞላ ቈጥሮ ይቆማል። ይህን ለማረም አንድ ጣት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በቂ ቅዝቃዜ አለን? የፍሪዘሩ ክፍል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት፤ ይህም በእጅ ዳሰሳ ሳይሆን በቴርሞሜትር ይረጋገጣል። በተለመደው ዓይነት፣ ትሪው ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ካልወረደ መሣሪያው በረዶውን አያወጣም። የ20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን 140 ግራም ውኃ ወደዚያ የፍሪዘር ቅዝቃዜ ለማድረስ 64 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት መውጣት አለበት። ከዚህም ሦስት አራተኛው ገደማ የሚወጣው ውኃው ዜሮ ዲግሪ ላይ እንዳለ ወደ በረዶ ሲለወጥ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሳይጠብቁ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ውኃው በምን ግፊት ይደርሳል? ብዙዎቹ ቫልቮች ቢያንስ 1.4 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋሉ። በከተማችን የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤቶች በሮቶ ይጠቀማሉ። ሮቶው ከማቀዝቀዣው በ4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.4 ባር ብቻ ነው። እነዚህ ቫልቮች ደግሞ በደንብ የሚዘጉት የውኃው ግፊት ሲያግዛቸው ነው። ግፊቱ ሲያንስ ቫልቩ ያንጠባጥባል፤ ጠብታውም በመግቢያው ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል።

አራተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ለማሽኑ ይስማማልን? የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ማቀዝቀዣ ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ ሄርዙን አይለውጥም። የውኃ መሙያውን ጊዜ በሞተር ዙር የሚለካ በረዶ መሥሪያ ደግሞ ሞተሩ ስለሚዘገይ ለ7.5 ሰኮንድ ሊከፍት የታሰበውን ቫልቭ ለ9 ሰኮንድ ይከፍታል። ትርፉ ውኃ ከትሪው ይፈስሳል።

በዚያ ቤት ክንዱም ቅዝቃዜውም ኤሌክትሪኩም ደኅና ነበሩ። የመግቢያው ቱቦ ግን በበረዶ ተደፍኖ ነበር፤ አዲሱም ቫልቭ ተዘግቶ ሳለ ያንጠባጥብ ነበር። እንግዲህ ሦስተኛ ቫልቭ መግዛት ይገባ ነበርን? ቫልቩን ሳልነካ፣ የቧንቧ ውኃ በደህና ግፊት በመጣበት ቀን መስመሩን ከሮቶው ለይቼ በቀጥታ ከቧንቧው ጋር አገናኘሁት። ጠብታው ቆመ። ወደ ሮቶው ስመልሰው ጠብታው ተመለሰ። ስለዚህ ጉድለቱ የቫልቩ ሳይሆን የግፊቱ ነበር።

ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ሁለቱ ጠጋኞች ሰነፎች አልነበሩም፤ ዕቃ ሲለውጡ ግን ዕቃው የሚሠራበትን ሁኔታ አልፈተሹም። ዕቃ ከተለወጠ በኋላ ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ መሥራቱም ማስረጃ አይሆንም፤ በጥገናው ጊዜ ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ቱቦውን የደፈነው በረዶ ቀልጦ ነበርና። ማስረጃ የሚሆነው አንዱን ነገር ብቻ ለውጠን ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ስንተወው፣ ቀጥሎም ወደ ቀድሞው መልሰን ምልክቱ ሲመለስ ስናይ ነው።

ቤተሰቡ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ መግዛት ይችል ነበር። እነርሱ ግን የውኃውን መስመር ዘግተው በረዶን በተራ ትሪ መሥራት መረጡ፤ በተረፈው ገንዘብ ቴርሞሜትር ገዝተው ከእናታቸው መድኃኒት አጠገብ አኖሩ። እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረኝም።