ስለ አክስታችን ጥቂት ቃል



ከሁሉ አስቀድሞ በአክስታችን ለቅሶ ድንኳን ለተከላችሁ፣ አግዳሚ ለተሸከማችሁ፣ ንፍሮ ለቀቀላችሁ፣ አብራችሁን ላመሻችሁ ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ኮሚቴው «በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ስለ እሷ ጥቂት ተናገሩ፣ ቃሉም በመጽሔታችን ይወጣል» ስላለን እሺ ብለናል። እኛ ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን መዝገብ ቤት የገባን፣ ዕድሜያችንን የሌላ ሰው ደብዳቤ ስንገለብጥ የኖርን ነንና ንግግሩ ቢያነክስ ቻሉን።

«እሷ» እያልን የምንናገረውም ስለ ናቅናት አይደለም። እናታችን በልጅነታችን ስትሞት ወስዳ ያሳደገችን የአባታችን ታላቅ እኅት ናት። አባታችን «እታለም» ይላት ስለ ነበር እኛም እንደዚያው ብለን ቀረን፤ አንቱ ብለናት አናውቅም። ዛሬ እዚህ ቆመን አንቱ ብንላት «ማንን ነው የምትሉት?» ብላ የምትቆጣን ይመስለናል።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በሴቶች ክፍል ዕቃ ቤት ነው። ፊደል ባልቆጠረችበት ዘመን ዕቃ ሲወጣ በግድግዳው ላይ በከሰል ትጭር ነበር። ለትሪ ክብ፣ ለአግዳሚ ረጅም መሥመር፣ ለድስት ጆሮ ያለው ክብ። ዕቃው ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች። ለሙስሊም አባሎቻችን ተለይተው የተቀመጡትን ድስቶች ጆሯቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስርባቸው ነበር፤ ይህን ማንም አላዘዛትም። «ሰው በኀዘኑ ቀን ይህ ድስት ምን ተሠርቶበታል ብሎ መጠየቅ የለበትም» ትል ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የሆነውን ግን ወጣቶቹ የምታውቁት አይመስለንም። ጊዜው የቀይ ሽብር ጊዜ ነበር። ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ ያድራል፤ ልጁ የተገደለበት ወላጅ እንዳያለቅስ ይከለከላል። ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር መልበስም ያስጠረጥራል። ከግቢያችን ጀርባ የነበሩ አንዲት እናት (ቤተ ሰባቸው ስላለ ስማቸውን አንጠራም) አንድ ወንድ ልጃቸው ተገደለባቸው። ዕድሩ ምንም ሊያደርግ አልቻለም። እኛ በዚህ አንፈርድም፤ የዕድሩ ዳኛም ልጆች ነበሯቸው።

እታለም በማግሥቱ ከሾላ ገበያ አንድ ዘንቢል ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ገዝታ፣ ዘንቢሉን እኛን አሸክማ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደች። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና መክተፍ ጀመሩ። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ሁለት ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ ነው፤ ዓይናቸው ለምን ቀላ ብሎ ማን ይጠይቃል? ሲከትፉና ሲያለቅሱ ዋሉ። በነጋውም እንደዚሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። የልጁ ሰልስት በዚህ ዓይነት ወጣ። ያ ሁሉ ሽንኩርት የት ደረሰ እንዳትሉን፣ በሳህን በሳህን እየተደረገ ለየጎረቤቱ ተላከ። ለምን እንደ ተላከ የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቅ ነበር።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ ቀበሌ ሄደው ከተማሩት አንዷ እሷ ነበረች። ዕድሜዋ አርባ አምስትን አልፏል። ጭንቅላቷ አላስቸገራትም፣ ያስቸገራት እጇ ነው፤ ሙቀጫ የለመደ እጅ ስለ ሆነ እርሳስ እየሰበረች ጨረሰችብን። ፊደሉን እንደ ለየች ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፈችው የዚያን ልጅ ስምና የሞተበትን ቀን ነው። ጽሑፉ ከመሥመር ወጥቶ የወዛወዘ ነው፣ ግን ይነበባል።

ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን የሞተውን ሁሉ ከነቀኑ ትጽፍ ነበር። ለምን እንደምትጽፍ ዘግይተን ነው የገባን። ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ሲሄድ የእሷ ሥራ ይጀመራል። በአሥረኛው ቀን፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ፣ ቁጢ ቡና በመሐረብ ቋጥራ «እንዲያው ሳልፍ ነው» ብላ ትገባለች። ስታልፍ አልነበረም። ሠፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲፈርስና አባሎቻችን ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲበተኑ ሰማንያን አልፋ ነበር። ታክሲ እየቀያየረች፣ ደረጃው ላይ እየተቀመጠች እያረፈች አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። እኛ ስንቆጣት «ሬሳ በደረጃ ከወረደ እኔ በደረጃ ብወጣ ምን አለበት?» አለችን። ለዚህ መልስ አላገኘንም።

አሁን በጉባኤው ፊት ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፤ ለቅሶ በአንድ ቀን ይብቃ፣ ዕቃውም ተሸጦ ለኀዘንተኛው ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ የሚል። ስለ መጀመሪያው አንከራከርም። ሰው ሥራ ይውላል፣ ቦታው ሩቅ ነው፣ ኑሮውም ተወዷል። ዕቃው መሸጡን ግን አንደግፍም። ገንዘብ በስልክም ይላካል፤ ድስት ግን ሰው ተሸክሞት ካልሄደ አይደርስም፣ ድስት ያደረሰም ሰው ሳይቀመጥ አይመለስም። እታለም ነገሩ ሲነገራት «ድስቶቼን ለማን ልትሸጡ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ከዚያ ብዙ ሳትቆይ፣ ዘጠና ዓመት ካለፋት በኋላ፣ በተኛችበት አረፈች።

ደብተሮቿ ሰባት ናቸው። ዛሬ ለሴቶች ክፍል እናስረክባለን፤ አርባና ሙት ዓመታቸው ያልደረሰ አሥራ አንድ ስሞች ስላሉበት ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ከስብሰባው በኋላ ተነጋገሩበት። አንድ ነገር ቀርቷል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሌላ ካስረከበች በኋላም ዕቃ ሲወጣ ይነገራት ነበርና፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ «ሁለት ትልቅ ድስት አንድ ሰፌድ ወጥቷል» የሚል አለ። ለማን እንደ ወጣ ጽሑፉ ስለ ተንቀጠቀጠ አልተነበበልንም። በመዝገብ ቤት ስንት የባለ ሥልጣን ፊርማ አንብበናል፣ ይህን ግን አቃተን። የወሰደ አባል ካለ እስከ ወሩ መጨረሻ ለዕቃ ቤቷ ኃላፊ ይመልስ። አንደኛው ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።