ለሞቱብን ወገኖች መታሰቢያ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ዓመት ለተለዩን ወገኖቻችን ፈጣሪ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን እንላለን።

ዛሬ ለመናገር የተነሣነው የሰፈራችን ወጣቶች ለኮሚቴው ስላቀረቡት ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የሞቱብንን ወላጆችና ጓደኞች እያሰብን ከአቃቂ አዳማ ድረስ በብስክሌት ደርሰን እንመለስ፣ በዚህ ምክንያት የሚሰበሰበው ገንዘብም ካንሰር ለያዛቸው የሰፈራችን ሰዎች መታከሚያ ይዋል የሚል ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ አባቶች «ብስክሌት ጨዋታ ነው፤ ሐዘንና ጨዋታን ምን አገናኛቸው?» ብለዋል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በቅን ልቦና መመለስ አለብን።

በመጀመሪያ ነገር፣ ለሌላው ብሎ በአካል መድከም ለእኛ አዲስ አይደለም። ለቅሶ ለመድረስ የስንት ሰዓት መንገድ በእግሩ የሄደ በመካከላችን ሞልቷል። ስለት ያለበት ሰው ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚውለው በዓል ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በእግሩ ይጓዛል። ክርስቲያኑ ተዝካር ሲያወጣ፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ሲያደርግ በሟች ስም ድሀ ይበላል። እንግዲህ በሟች ስም ደክሞ በሟች ስም መስጠት የቆየ ሥርዓታችን ነው፤ አዲሱ ብስክሌቱ ብቻ ነው።

ብስክሌትም ቢሆን የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም እኮ። እኛ የአቃቂ ሰዎች ወደ ፋብሪካ መመላለሻ አድርገን እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት አገራቸውን ወክለዋል። የዚያ ቀን የጎዳና ውድድር ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

በሟች ስም የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል ለማየት ደግሞ የአሜሪካኑን የማሳቹሴትስ ጉዞ እንመልከት። ቢሊ ስታር የተባለ ሰው እናቱን እ.ኤ.አ. በ1974 በካንሰር አጣ፤ ገና የ49 ዓመት ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ይኸው ልጅ ሰው አስተባብሮ የሁለት ቀን የብስክሌት ጉዞ አደረገ። የወጡት 36 ሰዎች፣ የተሰበሰበውም 10,200 ዶላር ነበር። ጉዞው በየዓመቱ ቀጥሎ እስካሁን ለዳና ፋርበር የካንሰር ሕክምናና ምርምር ተቋም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይኸው ነው።

የእነሱ አሠራር ከእድር ብዙ አይርቅም። እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ከዘመድ ወዳጁ ይህን ያህል ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ አስቀድሞ ቃል ይገባል። ጎድሎ ከተገኘ ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላል። ፔዳል መምታቱ የሰውን ዓይን ለመሳብ ይጠቅማል፤ ሥራውን የሚያቆመው ግን የተገባው ቃልና መዝገቡ ነው።

በአገራችንም ሐዘንን ወደ ሥራ የለወጡ ወላጆች አሉ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ ልጃቸውን ማቲዎስን በካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል። ማኅበሩ ስለ በሽታው ያስተምራል፤ ችግረኛ ታማሚዎችንም ይደግፋል። ልጁ አልተመለሰም፤ በስሙ የተረዳው የሰው ልጅ ግን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እድራችን አንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይከፍላል። ያው ሰው ታሞ በተኛበት ጊዜ ግን ደንባችን ምንም አያዝለትም። ለጨረር ወይም ለኬሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መመላለስ ለድሀ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን። የታክሲ አጥቶ ቀጠሮው ያለፈበት ሰው በሞተ ማግስት ገንዘብ ይዘን እንደርሳለን። ይህ ነገር ደግ ነው ወይ? ወጣቶቹ የጠየቁን ይህንኑ ነው፤ ብስክሌቱ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያቸው ይፈቀድ እንላለን፤ ነገር ግን በሥርዓት ይሁን። አንደኛ፣ ከእድሩ ካዝና አንድ ብር አይነካ። እድሩ የተሰበሰበው ለቀብር ነውና ገንዘቡ በባንክ ለብቻው ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ተራ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይሰበሰብ፤ ከኮሚቴው ሁለት፣ ከወጣቶቹ አንድ ሰው ይፈርሙበት። ሒሳቡም በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብ። ሦስተኛ፣ የሚረዳው ሰው ስም በአደባባይ አይጠራ፤ ታሞ መታፈር የለበትም።

ስለ መንገዱም እናስብ። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አልፎ አዳማ ከአቃቂ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣኑ መንገድ ለብስክሌት አይፈቀድም፤ በአሮጌው መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና ይበዛል። ስለዚህ እሑድ ማለዳ መነሣት፣ የራስ ቁር ማድረግ፣ ለትራፊክ ፖሊስ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ከኋላ አንድ መኪና ማስከተል ያስፈልጋል። አዳማ ከአቃቂ ዝቅ ያለ ስለሆነ መሄዱ አያታልላቸው፤ መመለሱ ዳገት ነው። አዳማ አድረው ሰኞ ይመለሱ። እሽቅድምድም አይደለምና የደከመውን ጥሎ የሚሄድ አይኑር፤ አብሮ ወጥቶ አብሮ መግባት ነው።

ሁሉም የሚያስበውን ሰው ስም በወረቀት ጽፎ ደረቱ ላይ ቢለጥፍ መልካም ነው። እኛ መንዳት የማንችለው ደግሞ በየቤታችን ቃል ገብተን፣ ሲመለሱ አቃቂ ድልድይ ላይ ቆመን ውኃና ዳቦ ይዘን እንቀበላቸው።

ጤናና ዕድሜ ይስጠን፤ የሞቱብንን ያሳርፍልን፤ ለታመሙት ምሕረት ያውርድልን።