መንጋጋና ቋንቋው



የሰፈራችን ልጅ ከባጃጅ ወድቆ የታች መንጋጋው ተሰበረ። ከሆስፒታል ይዞት የመጣው ወረቀት «ኦፕን ሪዳክሽን» ይላል። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር እህቱ መዝገበ ቃላት ገልጣ፣ «ሪዳክሽን ማለት መቀነስ ነው» አለች። እናታቸው ደረታቸውን ደቁ፤ «የልጄን መንጋጋ ሊቀንሱት!»

በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲህ በከንቱ የሚያስደነግጡ ቃላት አሉ። ሪዳክሽን በሐኪም አፍ «ወደ ቦታ መመለስ» ነው። «ኦፕን» ከተባለ ድዱ ወይም ቆዳው ተከፍቶ፣ ስብራቱ እየታየ ይገጠማል፤ ከዚያም በትንንሽ የቲታኒየም ሳህንና ብሎን ይታሰራል። «ክሎዝድ» ከሆነ ሳይከፈት የላይና የታች ጥርስ በሽቦ ይታሰራል፤ ለሳምንታት በአጥሚትና በሾርባ መክረም ነው።

ሌሎች ቃላት ደግሞ አቅጣጫ ያስታሉ። «ሉድቪግስ አንጃይና» የተባለ ሰው «አንጃይና» ሲባል የልብ ሕመም መስሎት እጁን ወደ ልቡ ይሰዳል። ቃሉ ግን ሥሩ «ማነቅ» ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የጻፈለት ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከታመመ የታች መንጋጋ ጥርስ ይነሣል። ኢንፌክሽኑ ምላስ ሥር ገብቶ አገጭ ሥርንና አንገትን ያሳብጣል፤ ምላስን ሽቅብ እየገፋ ትንፋሽ ይዘጋል። ምራቅ መዋጥ ያቃተው ሰው «ይንጋና እሄዳለሁ» አይበል፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።

ከሁሉም የሚከፉት በከንቱ የሚያጽናኑት ናቸው። አሜሎብላስቶማ የሚባለው የመንጋጋ እጢ ናሙናው ተመርምሮ «ቢናይን» ይባላል፤ ካንሰር አይደለም ማለት ነው። ሰውየው «ተመስገን» ብሎ ወደ ቤቱ። እጢው ግን አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ተፍቆ ብቻ ከተተወም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሐኪሙ ከዳር ካለው ጤነኛ አጥንት ጭምር ልቁረጥ የሚለው ለዚህ ነው።

እናትየው በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ሐኪሙ ፊት ቀረቡ። «ይህ ምን ማለት ነው ልጄ?» አሉት።

«ወጌሻ የወለቀ ክንድ ስቦ ቦታው እንደሚመልሰው ነው እማማ። እኛ ደግሞ ከፍተን፣ ጥርሱ ከጥርሱ እንዲገጥም አድርገን እናስረዋለን።»

«አዬ ልጄ! ታዲያ ትናንት እንዲህ ብለህ ብትጽፈው ምን ነበረበት?»